ቡሳን ላይ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ አለ፣ መቃብር የለም። ለምን? (ከነምላሾቹ)

የመነሻ ጥያቄ

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ቡሳን ከተማ ላይ 14 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው የተባበሩት መንግሥታት የመታሰቢያ መቃብር አለ። በኮሪያ ጦርነት የወደቁ ወታደሮች ያረፉበት ቦታ ነው። የቱርክ 462፣ የአውስትራሊያ 281፣ የደቡብ አፍሪካ 11፣ የኖርዌይ እንኳ 1 መቃብር ይገኝበታል። የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ከሌሎቹ ጋር ይውለበለባል፤ የወደቁት ስም በተቀረጸበት ግድግዳ ላይም ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ፣ ሰዎች ስም አለ። የኢትዮጵያ መቃብር ግን አንድም የለም። ተረስተው ነው? ጠፍተው ነው? ወይስ ተወስደው? «ቡሳን ያለው የጀግኖቻችን መቃብር» እየተባለ በየገጹ የሚዞረው ፎቶስ የየት ነው? ግምት ሳይሆን የምታውቁትን ጻፉ።

ምላሾቹ 24 ደርሰዋል። እየገቡ ለሚጠይቁ ሰዎች እንዲመች በተራ ቁጥራቸው አሳጥሬ አስቀምጣለሁ። ስድቡን ቆርጫለሁ፤ እርማቱን ግን አልነካሁም።

1ኛው ምላሽ አጭርና ጨዋ ነበር። ሰላምታ አስቀድሞ፣ ሙታኑ አልተረሱም፣ ወደ አገራቸው ፈልሰዋል አለ። ከ1951 እስከ 1954 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ቡሳን ላይ ወደ 11,000 የሚጠጉ ሙታን ተቀብረው እንደነበር፣ ከዚያ በኋላ ቤልጂየም፣ ኮሎምቢያ፣ ኢትዮጵያ፣ ግሪክ፣ ህንድ፣ ፊሊፒንስና ታይላንድ የየራሳቸውን አጽም በሙሉ እንዳነሱ ዘረዘረ። ዛሬ የቀረው መቃብር ከ2,300 ትንሽ የሚበልጥ ነው።

2ኛው በቀኖቹ ላይ አተኮረ። መካነ መቃብሩ ሥራ የጀመረው በእኛ አቆጣጠር ጥር 10 ቀን 1943፣ የተመረቀው መጋቢት 28 ቀን 1943 ነው። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ቡሳን ወደብ የደረሰው ደግሞ በዚያው ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ለኢትዮጵያውያን ተብሎ በኋላ የተከፈተ ቦታ አይደለም፤ ሲደርሱ የተዘጋጀ መቃብር ጠበቃቸው። ይህን ያነሳው፣ አንዳንድ ጽሑፍ 1943ን እንደ ፈረንጅ ዓመት ወስዶ ነገሩን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋር ስለሚቀላቅለው ነው።

3ኛው ቦታውን የሚያስተዳድረው ኤርትራ ውስጥ ኬረን ያለውን መቃብር የሚይዘው የእንግሊዞቹ የጦር መቃብር ኮሚሽን እንደሆነ በእርግጠኝነት ጻፈ። 4ኛው አላለፈውም፤ ግን በአክብሮት ነበር። የኮሚሽኑ ሥልጣን በሁለት የጊዜ ክልል የታጠረ ነው፤ ከነሐሴ 4 ቀን 1914 እስከ ነሐሴ 31 ቀን 1921፣ ከመስከረም 3 ቀን 1939 እስከ ታኅሣሥ 31 ቀን 1947፣ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር። በ1950 የጀመረው የኮሪያ ጦርነት ከሁለቱም ውጭ ይወድቃል። ቡሳንን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ታኅሣሥ 15 ቀን 1955 ባሳለፈው ውሳኔ ድርጅቱ ያዘው፤ ከ1974 ጀምሮ ደግሞ የ11 አገሮች ኮሚሽን ያስተዳድረዋል። የኮሚሽኑ አባልነት የሚመጣው እዚያ መቃብር ከመኖሩ ነው። ኢትዮጵያ አባል ያልሆነችው በዚህ ምክንያት እንጂ ማንም ገፍቷት አይደለም።

5ኛው እንግሊዞች ትተው እኛ ለምን አነሳን የሚለውን ያዘ። በዚያ ዘመን የብሪታንያና የኮመንዌልዝ ወታደር የሚቀበረው በወደቀበት አገር ነበር። አውስትራሊያ ይህን እ.ኤ.አ. በ1966 ለወጠች፣ ካናዳ በ1970፤ ብሪታንያ ለቤተሰብ ምርጫ የሰጠችው ከ1982ቱ የፎክላንድ ጦርነት በኋላ ነው። ቱርኮችም ሰማዕት በወደቀበት ይረፍ ብለው ተዉት። አሜሪካኖች ግን ጦርነቱ እየተካሄደ ሳለ ሙታናቸውን ማንሳት ጀመሩ፤ አጽሙ በጃፓን ኮኩራ ባቋቋሙት የመለያ ጣቢያ በኩል ያልፍ ነበር። ቃኘው የተሰለፈው በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ስለነበር የሙታን አያያዙም በዚያው የስንቅና ትጥቅ መስመር ነበር። ለአገሩ አፈር ማብቃት በእኛ ዘንድ ከጥንት የነበረ መሻት መሆኑን ጨመረ፤ ግን መሻት ብቻውን አጽም አያነሳም፣ የሚያነሳው መዝገብ ነው ብሎ ለ7ኛው መንገድ ጠረገለት።

6ኛው በእኔ ላይ ነበር። «ተረስተው» የሚለውን ቃል መጻፌ ሳይጣራ የተወረወረ ክስ ነው አለ። ልክ ነው፤ ጥያቄውን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ፣ ካልሆነ ምላሹ ትርጉም ያጣል።

7ኛው ከሁሉም የረዘመና የጠቀመ ነው። የመቃብር መዝጋቢ ክፍል ሥራ ደረጃ በደረጃ ምን እንደሚመስል አስቀመጠ። አስከሬኑ ኪስ በኪስ ይፈተሻል፤ የተገኘው ሁሉ፣ ደብዳቤም ሳንቲምም፣ ይመዘገባል። ወታደሩ በአንገቱ ሁለት የመለያ ቆርቆሮ አለው፤ አንዱ ከአስከሬኑ ጋር ይቀበራል፣ ሌላው በመቃብሩ ምልክት ላይ ይቸነከራል። አንድ ብቻ ከተገኘ ያ ከአስከሬኑ ጋር ይቀርና ለምልክቱ ሌላ ይሠራል። ጭራሽ ካልተገኘ የአሥሩም ጣቶች አሻራ ይወሰዳል፤ የጥርስ ሰንጠረዥ ይሞላል፤ ቁመት፣ ጠባሳ፣ በልብሱ ላይ ያለ የእጥበት ምልክት ይጻፋል። የወረቀቱ ቅጂ በተወተፈ ጠርሙስ ወይም በባዶ ቀለህ ውስጥ ሆኖ አብሮ ይቀበራል። ጉድጓዱ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይጠልቃል። ከዚያ ክልሉ፣ ረድፉና የመቃብሩ ቁጥር ይሞላል።

ጸሐፊው የሚያጎላው የቅጹን ሌላ መስመር ነው፦ በሟቹ ቀኝና በሟቹ ግራ የተቀበሩት እነማን ናቸው? ጎርፍ ወይም የመድፍ ጥይት ምልክቱን ቢያጠፋው የጎረቤቶቹ ስም ቦታውን ይመልሳል። ስህተቱም የሚፈጠረው እዚሁ ላይ ነው። ቀኝና ግራ የሚባለው በጀርባው የተኛው ሟች ቀኝና ግራ ነው። መዝጋቢው በግርጌ በኩል ቆሞ ወደ ራስጌ እያየ ከጻፈ የራሱን ቀኝ የሟቹ ቀኝ ያደርገዋል፤ ሁለቱ ጎረቤቶች ይገለበጣሉ። አንድ ወረቀት ብቻ ቢገለበጥ ከጎረቤቶቹ ወረቀት ጋር ስለሚጋጭ ይታወቃል። አንድ ሰው ረድፉን ሙሉ በግርጌ ቆሞ ከሞላው ግን ወረቀቶቹ እርስ በርስ ይስማማሉ፤ ስህተቱ የሚታየው መሬቱ ሲከፈት ነው። አጽም ሲፈልስ ምልክቱ፣ ከአስከሬኑ ጋር ያለው ቆርቆሮና ወረቀቱ መስማማት አለባቸው። ካልተስማሙ ወደ ጥርስና ወደ ረጃጅም አጥንት ልኬት ይኬዳል። የኮሪያ ተራሮች አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ስለሆነ አጥንት ይበላል፤ ጥርስ ነው የሚቆየው።

እኔ እንደምረዳው የጥያቄዬ መልስ ይህ ነው፦ በመዝገብ ተለይተው ተወሰዱ እንጂ አልተረሱም። ሌላው ማብራሪያ ነው።

8ኛው በ7ኛው ላይ ተመርኩዞ፣ ቆርቆሮው ጠርዙ ላይ ጎድጎድ ያለው በሟቹ ጥርስ መካከል እንዲሰካ ነው አይደል ብሎ ጠየቀ። 9ኛው ቁጣ ጀመረ። ይህ የወታደር ሰፈር ተረት ነው፤ ጉድጓዱ ቆርቆሮው በመጻፊያ ማሽኑ ላይ ሳይንሸራተት እንዲቀመጥ የተሠራ ነው፤ ጥርስ ውስጥ የሚሰካ ቆርቆሮ የሟቹን ጥርስ አበላሽቶ ዋናውን መለያ ያጠፋ ነበር አለ። ነገሩ ትክክል ሆኖ ሳለ 8ኛውን «አንተ» እያለ ማሽሟጠጡ አላስፈለገም ነበር። ከዚህ በኋላ «እርስዎ» የሚል ሰው በክሩ (በዚህ የምላሾች ሰንሰለት) ላይ ብዙ አይታይም።

10ኛው የሟቾቹን ቁጥር አነሳ፤ 121 ነው ወይስ 122? 11ኛው ሁለቱም በታተሙ ጽሑፎች ላይ እንዳሉ፣ የኮሪያ መንግሥት የሚጠቀምበት 122 እንደሆነ ነገረው። እግረ መንገዱን የዘማቾቹን ቁጥር አጠራ፦ 3,518 የሚለው በጦርነቱ ዘመን የተሰለፉትን ይዞ ነው፤ 6,037 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 20 ቀን 1945 የተኩስ አቁም በኋላ የሄዱትን ተተኪ ሻለቆችም ይጨምራል። ሁለቱን እያጋጩ «ውሸት» መባባል ጊዜ ማባከን ነው አለ፤ ቀጣዮቹ ሦስት ምላሾች ግን ያንኑ አደረጉ። 12ኛ፣ 13ኛ እና 14ኛ ይታለፉ።

15ኛው በጥሩ ልብ የመጣ ሐሳብ ነበር፤ የዘር ቅንጣት (ዲ.ኤን.ኤ.) ምርመራ ተደርጎ ያልታወቁ ኢትዮጵያውያን ይፈለጉ አለ። 16ኛው ሁለት ነገር መለሰ። አንደኛ፣ በምርኮኛ ልውውጡ ጊዜ ከኢትዮጵያ ወገን አንድም እስረኛ አልነበረም፤ የሚፈለግ የጠፋ ሰው ዝርዝር ሳይኖር ፍለጋ አይጀመርም። ሁለተኛ፣ ምርመራው ራሱ እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። ሃዋይ የተቀበሩት ያልታወቁ የኮሪያ ጦርነት አሜሪካውያን አጽም ኮኩራ ላይ ሳለ ማድረቂያና ማጠንከሪያ ዱቄት ተነስንሶበት ስለነበር የዘር ቅንጣቱ ተጎድቷል፤ ለዓመታት ከተለመደው ምርመራ ውጤት አልተገኘም። መርማሪዎቹ የዞሩት ወደ ደረት ራጅ ነው። ወታደሮቹ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የተነሱት ራጅ ላይ የአንገት አጥንታቸው ይታያል፤ ቅርጹ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ከአጽሙ ጋር ይነጻጸራል። 15ኛው አመስግኖ ወጣ፤ በዚህ ክር ላይ ተሸንፎ ያመሰገነ እሱ ብቻ ነው።

17ኛው ስም ፍለጋን የሚመለከት ነው፤ በግድግዳው ላይ የዘመድ ስም ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መመሪያ አላየሁም። ግድግዳው እ.ኤ.አ. በ2006 የተሠራ ሲሆን 40,896 ስም አለበት፤ አቀማመጡ በአገር ነው። መጀመሪያ በወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ይሰመር፦ በአማርኛ የሟቹ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ከነማዕረጉ፤ ቀጥሎ በላቲን ሊጻፍ የሚችልባቸው መንገዶች ሁሉ፤ በመጨረሻ የኮሪያ አጻጻፍ። የውጭ ዝርዝር መጨረሻ የተጻፈውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ወደ ፊት ስለሚያመጣው በአባት ስምም በአያት ስምም መፈለግ ያሻል። «ገብረ»፣ «ወልደ»፣ «ኃይለ»፣ «ተክለ» ያለበት ስም ለሁለት ይቆረጣል፤ ገብረ ሚካኤል የተባለው ሰው «ገብረ» የሚባል፣ አባቱ «ሚካኤል» የሆነ ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። «ቀ» በላቲን በኬም በኪውም ይጻፋል፤ «ጸ» አንዴ በሁለት ፊደል አንዴ በአንድ ይመጣል። ኮሪያኛ «ፈ» ስለሌለው ተስፋዬ «ቴስፓዬ» ይሆናል፤ «ዘ»ም የለውም፣ ዘውዴ ወደ «ጄውዴ» ይጠጋል፤ «ረ» እና «ለ» በአንድ ፊደል ይጻፋሉ።

ስም ብቻ ገጥሞ አገኘሁ ማለት አይበቃም፤ ማዕረግና የሞተበት ቀንም ይግጠም። ቀን ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁልጊዜ 8 ዓመት ስለሚደምር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ የሚደመረው 7 ነው፦ ጥቅምት 1945 ኦክቶበር 1952 እንጂ 1953 አይደለም። በ1953 ኦክቶበር ደግሞ ተኩስ ቆሟል፤ ስለዚህ ያ አንድ ዓመት ሟቹን ከጦርነቱ ያስወጣዋል።

18ኛው ግድግዳው ላይ ስም መኖሩ እዚያ ተቀበረ ማለት አይደለም ሲል ሁለት ሰዎችን አረመ፤ ቃሉ የሰላ ነበር። ፎቶውንም እሱ ፈታው። ምስሉ የቡሳን ሳይሆን የቹንቾን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት የቆመው የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ ሐውልት። ከኋላው ጣሪያው የሾለው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የመታሰቢያ አዳራሽ ነው። እዚያ ማንም አልተቀበረም። ከፎቶው ሥር «የጀግኖቻችን መቃብር» ብሎ መጻፍ አጽም ያነሱትን ሰዎች ድካም መሰረዝ ነው አለ። ትንሽ አከረረው፤ አልተሳሳተም።

19ኛው ወደ ሌላ መንገድ ሄደ። የነሐስ የመቃብር ሰሌዳ እንዲያበራ በሎሚና በጨው ይታሽ አለ። 20ኛው እዚህ ላይ ትዕግሥቱ አለቀ። ጨው ክሎራይድ ነው፤ ክሎራይድ ነሐስ ውስጥ ከገባ አረንጓዴ ዱቄት እያወጣ ብረቱን ከውስጥ ይቦረቡረዋል፣ በባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ ደግሞ አየሩ ራሱ ጨው ይዞ ይመጣል፣ አንተ ትጨምርበታለህ አለው። ከዚያ ግን ተረጋግቶ ትክክለኛውን አሠራር ጻፈ። ሰሌዳው መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ይረስርስ፤ አቧራ በደረቁ ከተፈተገ ይቧጭራል። አምስት ሊትር ውሃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ገለልተኛ ሳሙና፤ ብሩሹ የተፈጥሮ ፀጉር ይሁን፣ የሽቦ ብሩሽ በጭራሽ። አረፋ እስኪጠፋ ይለቅለቅ፤ በፊደሎቹ ጎድጓዳ ውስጥ የተኛው ውሃ በጥጥ ጨርቅ ይመጠጥ። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ሰሌዳው ለእጅ እስኪሞቅ ብቻ ይሙቅና ስስ ሰም ይቀባ፤ ሲበርድ ሁለተኛ ንብር፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ማወዝ። ቡናማው ሽፋን እንዲወልቅ መታገል አያስፈልግም፤ ብረቱን የሚጠብቀው እሱ ነው።

እዚያው ላይ ሁለት ነገር አከለ። በሰሌዳ ዙሪያ ያለ ሣር በአሞኒያ ማዳበሪያ ሲመገብ ነሐሱ ይጎዳል፤ የሣር ማጨጃው ገመድ ደግሞ ጠርዙን ይፈነቅላል፣ ስለዚህ ዙሪያው በእጅ መቀስ ይከርከም። የድንጋይ ሐውልት ከሆነ ከታች ወደ ላይ ነው የሚታጠበው፤ ከላይ ከተጀመረ ቆሻሻው በደረቁ ድንጋይ ላይ እየወረደ መስመር ይተዋል። በረኪና አይነካም፤ ጨዉ ድንጋዩ ውስጥ ቀርቶ ሲደርቅ ገጹን ያፈርጣል።

21ኛው የ3ኛውን ነገር መልሶ አነሳ፤ እንግዲያው ኬረን ያለው ምንድን ነው ብሎ። 22ኛው መለሰ፦ ኬረን እ.ኤ.አ. በ1941ዱ ውጊያ የወደቁ የኮመንዌልዝ ወታደሮች መቃብር ነው፣ 440 መቃብር አለው፣ 35ቱ ስማቸው አልታወቀም። እዚያው ግቢ ውስጥ አስከሬናቸው በየእምነታቸው የተቃጠለ 285 የሲክና የሂንዱ ወታደሮች ስም ያለበት መታሰቢያ ቆሟል። ለጣሊያን የወደቁት አስካሪዎች በዚያው ከተማ በጣሊያኖቹ መቃብር ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱን መቃብሮች አንድ አድርጎ የሚያወራ ብዙ ነው። በዚሁ አጋጣሚ የእንግሊዞቹ ኮሚሽን ትልልቅ መቃብሮች የመታሰቢያ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ከመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 44 የተወሰደ መሆኑን አነሳ። ፕሮቴስታንቶች ከቀኖና ውጭ ያደረጉትን መጽሐፍ እንግሊዞች ለጦር መቃብር መምረጣቸው እሱን አስገርሞታል፤ እኛ ዘንድ ሲራክ ከመጻሕፍቱ አንዱ ስለሆነ ብዙም አልገረመኝም።

23ኛው የፈለሱት አጽሞች አገር ቤት የት የት እንዳረፉ ጠየቀ። አወያዩ ገብቶ ያ ጥያቄ የራሱ ክር እንዳለው፣ እዚህ ከተከፈተ ይኸኛው ወደ አድራሻ ክርክር እንደሚቀየር አሳሰበና ወደዚያ መራው።

24ኛው ማንም ያልጠየቀውን ይዞ መጣ። በየዓመቱ ኖቬምበር 11 ቀን በኮሪያ ሰዓት 11:00 ላይ ፊትን ወደ ቡሳን አዙሮ አንድ ደቂቃ በዝምታ የመቆም ልማድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ካናዳዊ ዘማች ያቀረበው ሐሳብ ነው። ካለንበት ሆነን እንቆማለን የሚሉ ማኅበራት ሰዓቱን እንደሚያምታቱት ገለጸ። ኮሪያ ከኢትዮጵያ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች፤ የእኛም ሰዓት አቆጣጠር ከፈረንጁ በስድስት ይለያል። ስለዚህ ኮሪያ ረፋድ 11:00 ሲል እኛ ዘንድ ሌሊት 11 ሰዓት ነው፤ የእጅ ሰዓቱ ሳይቀየር ያንኑ ቁጥር ያሳያል። ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ የሚቆሙት ስድስት ሰዓት አርፍደው ነው። ቀኑ በአብዛኛው ኅዳር 2 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚገባው ዘመነ ዮሐንስ ግን ኅዳር 1 ስለሚሆን፣ በየዓመቱ ኅዳር 2 ብሎ ያተመ ሰው በአራት ዓመት አንዴ በማግስቱ ይቆማል።